ሳይራቡ ኪሎ መቀነስ፦ ሦስት ፖምና አንድ ብርጭቆ ጁስ

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት ሁለት ሰው ያግዘኝ። አንድ ወንድም፣ አንዲት እህት። እሺ፣ እናንተ ሁለታችሁ። ኑ፣ እዚህ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ለወንድማችን ሦስት ፖም ሰጥቼዋለሁ። ታጥበዋል፣ ከነልጣጫቸው ናቸው። ለእህታችን ደግሞ ከሌላ ሦስት ፖም የተጨመቀ ጁስ፣ በብርጭቆ። ስኳር የለበትም፣ ውሃም አልገባበትም። ሁለታችሁም እንደሚመቻችሁ ብሉ፣ ጠጡ። ማንም አያጣድፋችሁም። እኛ ወሬያችንን እንቀጥላለን።

አያችሁ፣ ይህን እስክናገር እህታችን ብርጭቆውን አስቀምጣለች። ወንድማችን የመጀመሪያውን ፖም ገና ሁለት ጊዜ ነው የገመጠው።

ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1977 ካወጣው ጥናት ነው። አሥር ጤነኛ ሰዎች ፖምን በሦስት መልክ ቀመሱ። አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ ተፈጭቶ እንደ ገንፎ፣ አንዴ ፋይበሩ፣ ማለትም ቃጫው፣ ወጥቶ በጁስ መልክ። በሦስቱም ውስጥ የነበረው ካርቦሃይድሬት እኩል ነው። ጁሱ ከሙሉው ፖም በ11 እጥፍ ፈጥኖ አለቀ። ይህ ብዙም ላይገርማችሁ ይችላል። እኔን የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰዎቹ ሦስቱንም በእኩል ፍጥነት እንዲወስዱ ተደረገ። እንደዚያም ሆኖ ጁሱ ከተፈጨው ያነሰ አጠገበ፣ የተፈጨውም ከሙሉው ያነሰ አጠገበ። የደማቸው ስኳር ከሦስቱም በኋላ ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ደረሰ። ከጁሱ በኋላ ግን ቁልቁል ወረደ። ከሙሉው ፖም በኋላ እንዲህ ያለ መውረድ አልታየም።

እንግዲህ ፍሬው ያው ፖም ነው። የተለወጠው ቅርጹ ነው፣ ከጁሱ ደግሞ ፋይበሩም ወጥቷል። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህች ነጥብ የሚነሳ ነው። ምግብ ተፈጥሮ በሰጠው ቅርጽ ሲበላ ሆድ ልኩን ያውቃል። ቅርጹ ሲፈርስ ሆድም ልኩ ይጠፋበታል።

አሁን አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልንገራችሁ። ሥራዬ ኪሎ መቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች ስለ አመጋገብ ማማከር ነው። መጀመሪያ አካባቢ ምክሬ አንዲት ወረቀት ነበረች። በቀን ይህን ያህል ካሎሪ፣ ከዚያ እንዳያልፍ። ምንም ብሉ ምን፣ ቁጥሩ ካላለፈ ችግር የለም እል ነበር። አንዲት እናት መጡ። ቁጥሩን በሚገባ ጠበቁ። ቁርስ አንድ ባር ቸኮሌት፣ ምሳ «ዳይት» የሚል የተጻፈበት ብስኩትና ባለ ጣዕም እርጎ፣ ራት ሞቅ ተደርጎ የሚበላ ትንሽዬ የታሸገ ምግብ። ድምሩ ልክ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡና «ሌሊት ረሃቡ ይቀሰቅሰኛል፤ ተነስቼ ኩሽና እሄድና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ» አሉኝ። እኔ ምን አልኳቸው? «ትንሽ ይታገሱ።»

ከዚያ በኋላ አልመጡም። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። እሳቸው ትዕግሥት አላነሳቸውም። አንጀት በማያርስ ምግብ ላይ ተቀምጠው ረሃብን እንዲታገሉ የላክኋቸው እኔ ነኝ። ረሃብን ደግሞ ለአንድ ሳምንት ታሸንፉት ይሆናል፣ ለአንድ ዓመት ግን አታሸንፉትም።

«ሙሉ ምግብ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። ከእርሻ፣ ከዛፍ ወይም ከእንስሳ እንደመጣ፣ ወይም ለመጣው ነገር በጣም ቀርቦ የሚበላ ማለቴ ነው። ድንች፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ አጃ፣ ያልተፈተገ ስንዴና ሩዝ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ጣዕም ያልተጨመረበት እርጎ፣ ያልተቀባ ለውዝ። ማብሰል፣ መፍጨት፣ ማድረቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ ማብላላት ወንጀል አይደለም። ሰው እሳት ካገኘ ጀምሮ ያበስላል። ውሃና ጨው ብቻ ተጨምሮበት የታሸገ ባቄላ ባቄላ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቆስጣም ቆስጣ ነው። በዚህ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የብራዚሉ ሐኪምና የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴይሮ በ2009 አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ምግብን በስብና በስኳር መጠኑ ብቻ ከምንለካው፣ ምን እንደተደረገበት እንይ አሉ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ምግብን በአራት ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያው ያልተነካ ወይም ጥቂት ብቻ የተነካ ነው። ሁለተኛው እንደ ዘይት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ጨው ያለ የማብሰያ ግብዓት ነው። ሦስተኛው እንደ አይብና ተራ ዳቦ ከሁለቱ ተደባልቆ የሚሠራ ነው። አራተኛው በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረው ነው። እህሉ መጀመሪያ ይፈታታል። ስታርቹ ለብቻ፣ ፕሮቲኑ ለብቻ፣ ዘይቱ ለብቻ ይወጣል። ከዚያ በቀለም፣ በመዓዛ፣ በማወፈሪያና በማጣበቂያ እንደገና ይገጣጠማል። ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ቺፕስ፣ ክሬም ያለበት ብስኩት፣ ፈጣን ኑድል፣ አብዛኛው ቋሊማ እዚህ ይገባል።

ለረጅም ጊዜ ሰዎች «ልዩነቱ ስኳሩና ስቡ ነው፣ መቀነባበሩ ምን አገባው?» ይሉ ነበር። እኔም ከነሱ ውስጥ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በ2019 የታተመ አንድ ሙከራ ነው። ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በጥንቃቄ የተሠራ ነው።

ኬቪን ሆል የሚባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል ውስጥ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አስቀመጡ። አዳራቸውም ውሏቸውም እዚያው ነው። ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ብቻ ቀረበላቸው። ግማሾቹ በአንደኛው፣ ግማሾቹ በሌላኛው ጀመሩ። ቁም ነገሩ ያለው ትሪው ላይ ነው። የሚቀርበው ካሎሪ እኩል ነው። ስኳሩ፣ ስቡ፣ ጨው፣ ፋይበሩ ሳይቀር ተመጣጥኗል። ሰዎቹ የተባሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ፣ ሲበቃችሁ አቁሙ።

በተቀነባበረው ምግብ ጊዜ በቀን በአማካይ 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። ባልተቀነባበረው ጊዜ ደግሞ እነዚያው ሰዎች 0.9 ኪሎ ቀነሱ። ማንም «ቀንሱ» አላላቸውም።

«የተቀነባበረው ስለሚጥም ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ተጠይቀዋል። ሁለቱንም ምግብ በጣዕም ተቀራራቢ ነጥብ ነው የሰጡት። ታዲያ ምን ለየው? አንደኛ፣ የተቀነባበረውን በፍጥነት ነው የበሉት። ለስላሳ ነው፣ አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ማኘክ አይፈልግም። «በቃህ» የሚለው መልእክት ከአንጀት ተነስቶ አንጎል እስኪደርስ ደቂቃዎች ይወስዳል። ፈጥኖ የሚበላ ሰው መልእክቱ ሳይደርስ ሳህኑን ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ ያልተቀነባበረውን ሲበሉ የጥጋብ ምልክት የሆነው ፒዋይዋይ የተባለ ሆርሞን ከፍ ብሎ፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ነገሩ የጠንካራ መንፈስና የደካማ መንፈስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ሆድ፣ ሁለት ዓይነት ትሪ።

እዚህ ላይ እነዚያን እናት አሰብኳቸው። ያን ሌሊት ኩሽና የወሰዳቸው ሰውነታቸው ነው።

ቅርጽ ስል የምግቡን ጥቃቅን ግድግዳዎች ጭምር ማለቴ ነው። አልሞንድን ውሰዱ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት ሰዎች አልሞንድ ሲበሉ ሰውነታቸው ስንት ካሎሪ በትክክል እንደሚወስድ ለኩ። 28 ግራም አልሞንድ በተለመደው ስሌት 170 ካሎሪ ገደማ ነው። ሰውነት ያገኘው ግን 129 ብቻ ሆነ። ቀሪው የት ሄደ? በጥርስ ስናደቅቀው ሁሉም ሴል አይሰበርም። ሳይሰበር የቀረው ዘይቱን በግድግዳው ውስጥ እንደያዘ ያልፋል። በኋላ ያንኑ አልሞንድ ልሞ ቅቤ ሆኖ ሲለኩት፣ ያገኙት ቁጥር ወደ ስሌቱ ተመለሰ። ማሽኑ ግድግዳውን አፍርሶታል። ካሎሪ የሚቆጥረው ወረቀቴ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር።

ሌላው ክብደቱ ነው። ሆድ የሚለካው ካሎሪ አይደለም። የሚለካው ስፋትና ክብደት ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 87 ካሎሪ ገደማ አለው። 100 ግራም የታሸገ ቺፕስ ከ500 ያልፋል። ሁለቱም ድንች ናቸው። ከአንደኛው ውሃው ወጥቶ በቦታው ዘይት ገባ። በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ምግቦችን በእኩል ካሎሪ መጠን፣ እያንዳንዳቸውን በ240 ካሎሪ አቅርበው የቱ ይበልጥ እንደሚያጠግብ ጠየቁ። ነጭ ዳቦን 100 ነጥብ ሰጥተው መለኪያ አደረጉት። ኩሩዋሳን የተባለው ቅቤ የበዛበት የፈረንሳይ ዳቦ 47 አገኘ። ከሁሉም የበለጠው የተቀቀለ ድንች ነው፣ 323። ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁ መጀመሪያ የተዋችሁት ምግብ ድንች ከሆነ ይህን ልብ በሉ።

ፕሮቲንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰውነት ፕሮቲንን ለመፍጨትና ለመጠቀም ከካሎሪው ከ20 እስከ 30 በመቶውን ያወጣል። ለስብ ግን ከ3 በመቶ አይበልጥም። ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ዓሣ ለረጅም ጊዜ አጥግበው የሚያቆዩን አንዱ ምክንያት ፕሮቲናቸው ነው። ኪሎ በምንቀንስበት ጊዜ ጡንቻችን አብሮ እንዳይሄድም ይረዳል።

«ካርቦሃይድሬት ልተው ወይስ ስብ ልተው?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በክሪስቶፈር ጋርድነር መሪነት 609 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታተሉ። ግማሹ ስብ ቀነሰ፣ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ። ለሁለቱም ወገን የተሰጠው ምክር ግን በአንድ ነገር ይገናኛል፦ አትክልት አብዙ፣ የተጨመረ ስኳርንና የተፈተገ ዱቄትን በተቻለ መጠን ተዉ፣ ያልተቀነባበረ ምግብ ብሉ። ካሎሪ ቁጠሩ አልተባሉም። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛው ወገን በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሌላኛው 6 ኪሎ ቀነሰ። ይህ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ስብ ነው ካርቦሃይድሬት እያላችሁ አትጨቃጨቁ። የሚስማማችሁን ምረጡ።

አሁን ወደ ኩሽናችን እንግባ። ይህን በኩባያ የታሸገ እርጎ ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። ፊት ለፊቱ የእንጆሪ ሥዕል አለበት፣ «ቀላል» የሚል ጽሑፍም አለው። ፊት ለፊቱን ተዉት፣ አዙሩት። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። አንደኛ ወተት ይላል፣ ጥሩ። ሁለተኛ ስኳር። ሦስተኛ የተሻሻለ ስታርች። ከዚያ ማወፈሪያ፣ መዓዛ፣ ቀለም። እንጆሪው የት አለ? እዚህ መጨረሻው አካባቢ ነው። የእኔ ምክር ቀላል ነው። ጣዕም የሌለውን እርጎ ግዙና እንጆሪውን ራሳችሁ ክተፉበት። ኩሽና ውስጥ የማይገኝ ነገር ዝርዝሩ ላይ ከበዛ፣ ያ ምግብ በየቀኑ የሚበላ አይደለም።

ሌላው ነገር መጀመር ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመቀየር የተነሳ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔ የማስጀምረው ከሚጠጣ ነገር ነው። አንድ ጣሳ ለስላሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምናገኘው ካሎሪ ውስጥ ከተጨመረ ስኳር፣ ከማርና ከጁስ የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። አምስቱ በመቶ 25 ግራም ገደማ ነው። አንዷ ጣሳ ብቻዋን አለፈችው ማለት ነው። መጠጡን በውሃ፣ ስኳር በሌለው ሻይና ቡና ቀይሩ። ይህ ሲለመድ ወደ ቁርስ ሂዱ። አጃ ከእርጎና ከፍራፍሬ ጋር፣ ወይም እንቁላል ከቲማቲምና ከቆስጣ ጋር። ቀጥሎ ምሳ። ሳህኑን ግማሹን አትክልት ሙሉት፣ ከቀሪው ግማሹን ባቄላ ወይም ዓሣ ወይም እንቁላል፣ የተረፈውን ድንች ወይም ያልተፈተገ እህል። በልታችሁ ጥገቡ። በእውነት፣ ጥገቡ።

ጊዜ ማጣትን አልንቀውም። የታሸገው ምግብ የሚገዛው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ደክሞት ስለሚገባ ነው። ለዚህ የሚረዳው አንድ ቀን ብዙ ማብሰል ነው። ባቄላና ምስር በትልቅ ድስት ቀቅላችሁ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ። ማታ ደክማችሁ ስትገቡ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ስለ ሙሉ ምግብ የማልደብቃችሁ ነገርም አለ። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ያለ ልክ ይበላል ማለት አይደለም። ዘይት በ100 ግራም 880 ካሎሪ ያልፋል። ዘቢብ ውሃው የወጣ ወይን ነው፣ በእፍኝ እየዘገናችሁ ብትቆዩ ሳታውቁት ብዙ ይገባል። ማር ለሰውነት ያው ስኳር ነው። እነዚህን በልክ ያዙ። ፋይበርም በአንድ ጊዜ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ስለዚህ ባቄላውን ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ ውሃም ጠጡ።

ፍጥነቱም ልክ አለው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማ ነው። ከዚያ በላይ ሲሮጥ ጡንቻ ይሄዳል። 90 ኪሎ የሆነ ሰው ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ብቻ ሲቀንስ የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ መሻሻል ሊጀምር ይችላል። በ2025 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት 55 ሰዎች ሁለት ዓይነት አመጋገብ ተከተሉ፣ እያንዳንዱን ለስምንት ሳምንት። ሁለቱም የጤናማ አመጋገብ መመሪያን የጠበቁ ናቸው፣ ልዩነቱ የመቀነባበሩ መጠን ነው። ባልተቀነባበረው ከክብደታቸው 2 በመቶ ገደማ ቀነሱ፣ በተቀነባበረው 1 በመቶ ገደማ። እኔ በዚህ ቁጥር ደስ ይለኛል። ትንሽ ነው፣ ግን ያለ ረሃብ የመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እባካችሁ በጥሞና ስሙኝ። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ምግቡ ሲለወጥ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል፣ ካልሆነ የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁም እንዲሁ፣ ድንችና ባቄላ ብዙ ፖታሲየም አላቸው። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ችግር ያለባችሁ ወገኖች፣ ብቻችሁን አትጀምሩ።

አንድ ጥያቄ ከኋላ መጥቷል። «ልጆቼ ፍራፍሬ አይበሉም፣ ጁስ ብቻ ነው የሚጠጡት፤ ምን ላድርግ?» ብለዋል አንድ አባት። እርስዎ ከፊታቸው ቁጭ ብለው ይብሉ። ብርቱካኑን ልጠው፣ ከፋፍለው፣ ጠረጴዛው መሐል ያስቀምጡት እንጂ «ብሉ» አይበሏቸው። ጁሱን ደግሞ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከምግብ ጋር፣ ከዚያም በሁለት ቀን አንዴ እያደረጉ ይሂዱ። ጥቂት ሳምንታት ይወስድ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከከለከሏቸው ግን እልህ ይጋባሉ።

ይቅርታ፣ ሁለቱን እንግዶቻችንን ረስቻቸው ነበር። እህቴ፣ አሁን ምን ይሰማሻል? «ምሳ ሰዓት አልደረሰም ወይ?» አለች። ወንድሜ፣ አንተስ? ሁለቱን ጨርሷል። ሦስተኛው ፖም እንዳለ እጁ ላይ ነው።

«ይህችን ወደ ቤት ልውሰዳት፣ በቃኝ» አለ።